ልጆቻችን ስለ ሰባ ሰባት ሲጠይቁን

በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ
የንባብ ክፍል፦ ኢያሱ 4፥1-7፤ ሉቃስ 13፥1-5፤ የሐዋርያት ሥራ 11፥27-30

 ዛሬ ስለ ሁለት ነገር እናገራለሁ። አንዱ የትናንሽ ልጆቻችን እራት ነው። ሌላው በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰው ረሃብ ነው።

ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ልጅ ያላችሁ ግን ታውቁታላችሁ። እራት ቀርቧል። ትልቋ ሽሮው ውስጥ ቃሪያ አየሁ ብላ ታኮርፋለች። መካከለኛው የእንጀራውን ዳር እየቆረሰ ወደ ታናሹ ይገፋል። ትንሹ ጭራሽ አፉን ገጥሞ ራሱን ይነቀንቃል። እናት ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ውላ ወገቧ ተቆርጧል፤ አባትም ደክሞት ገብቷል። ታዲያ በብዙ ቤት በዚች ሰዓት አንድ ቃል ይወጣል፦ “ጥጋብ ነው ይሄ! በሰባ ሰባት ሰው ይህን አጥቶ ነው ያለቀው!”

ልጁ ዝም ይላል። ምናልባትም ይጎርሳል። ግን ምን ተማረ? ሰባ ሰባት ለእሱ ከሰባ ስድስት ቀጥሎ የሚመጣ ቁጥር ነው። የገባው ነገር ቢኖር ይህ ቁጥር ሲጠራ አባት እንደሚቆጣ ብቻ ነው። ይኼ ያሳዝናል፤ የስንት ሺህ ሕዝብ ሞት አንድ ጉርሻ ማስዋጫ አለንጋ ሆነ ማለት እኮ ነው። በሌላው ቤት ደግሞ ነገሩ ጨርሶ አይነሣም። አያት ዝም፣ እናት ዝም። ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከስልክ ላይ እስኪሰማው ድረስ ዝም።

የሰባት ዓመቷ ልጃችን ከጎረቤት ቤት ስትጫወት ውላ መጥታ፣ “አባዬ፣ ሰባ ሰባት ማነው?” አለችኝ። ሰው መስሏታል። ጎረቤታችን እማማ ለቡና ከመጡ ሴቶች ጋር ሲጨዋወቱ “ሰባ ሰባት የወሰደብኝ” ሲሉ ሰምታለች። የሆነ ክፉ ሰውዬ በር ከፍቶ ገብቶ የሆነ ነገር የወሰደባቸው መስሏት ነው። ስለ እማማ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ግን ጥያቄዋን ያዙልኝ። ማነው? ምን ወሰደ? ለምን?

እንዲህ ያለውን ጥያቄ እግዚአብሔር ራሱ ይጠብቀዋል፣ ቅዱሳን። እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል አሥራ ሁለት ድንጋይ እንዲያነሡ ኢያሱን አዘዘው። ምክንያቱም ተጽፏል፦ ነገ ልጆች ይጠይቃሉና። ልብ በሉ፣ ጠያቂው ልጅ ነው፣ መላሹ ወላጅ ነው። ወደ ካህኑ ሂድ፣ ወደ መምህሩ ሂድ አይልም። ድንጋዩን ያየ ልጅ አባቱን ይጠይቃል፣ አባቱም ይነግረዋል።

አንድ ሰው “ፓስተር፣ ያ የድል መታሰቢያ ነው፤ መከራን ለምን እናስታውሳለን?” ሊለኝ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንግዲያውስ ትንቢተ ኢዩኤልን ምዕራፍ 1 ግለጡ። አንበጣ አገሩን በልቶት፣ እህል ከምድር ጠፍቶ፣ ነቢዩ ሽማግሌዎችን ጠርቶ ይህን ለልጆቻችሁ ተርኩ፣ እነርሱም ለልጆቻቸው ይተርኩ ይላቸዋል። ድል የለበትም እኮ፣ አንበጣ ነው። አንበጣን ደግሞ እኛ ሐረርጌዎች እናውቀዋለን። በ2012 ሰማዩን ሸፍኖ ሲመጣ ልጆቻችን ቆርቆሮ እየደበደቡ በማሽላው መካከል ሲሮጡ አይተናል። መከራም የሚተረክ ነገር ነው፤ ቃሉ ነው ያለው።

አሁን አገራችንን ተመልከቱ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ፋሺስት ለጨፈጨፋቸው ወገኖች ስድስት ኪሎ ላይ ሐውልት ቆሟል፤ ቀኑም በየዓመቱ ይታሰባል። ለቀይ ሽብር ሰማዕታት መስቀል አደባባይ አጠገብ ሙዚየም አለ። መልካም ነው። በረሃብ ላለቀው ሕዝብ ግን በቀን መቁጠሪያችን ላይ ቀይ የተደረገበት ቀን የለም። መቃብራቸው እንኳ አብዛኛው ምልክት የለውም። ስለዚህ ይህ መታሰቢያ የሚቆምበት ቦታ ካለ የቤታችን ገበታ ነው። ልጅ የሚጠይቀው እዚያ ነው።

ምን ሆነ?

እኔ በዚያ ዓመት ገና ድክ ድክ የምል ሕፃን ነበርኩ፤ የምነግራችሁ የሰማሁትንና ያነበብኩትን ነው። ረሃብ ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም። አያቶቻችን “ክፉ ቀን” የሚሉት፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ገበሬው ያለ በሬ የቀረበት የ1880ዎቹ ዘመን አለ። በ1966ም የወሎ ረሃብ በውጭ ጋዜጠኛ ተቀርጾ ታይቶ የንጉሡን መንግሥት አናግቷል። የሰባ ሰባቱም እጅግ ሰፊ ሆነ። በተከታታይ ዓመታት ዝናቡ ቀረ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ስለነበረ መንገዱ ለእህል ሳይሆን ለታንክ ነበር። መንግሥት በመስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስና ሰልፍ ሲያከብር፣ በኮረምና በመቀሌ ሰው በብርድ ተኮራምቶ እያደረ ነበር። ውጭ አገር ያሉ መንግሥታትም ቢሆኑ ሶሻሊስት መንግሥትን ለምን እንረዳለን እያሉ ሲያመነቱ ቆይተዋል።

በጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል በርክ የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጠኛና መሐመድ አሚን የሚባል ኬንያዊ ካሜራማን ከኮረም ያነሡትን ፊልም ቢቢሲ አሳየ። ዓለም ደነገጠ። በሚቀጥለው ሐምሌ 6 በለንደንና በፊላደልፊያ ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደርጎ ገንዘብ ተሰበሰበ። እህሉ መጣ። ለብዙዎች ግን ረፍዶ ነበር። የሞቱት ስንት ናቸው ለሚለው፣ ከአራት መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚሆን ሕዝብ ደግሞ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በሰፈራ ተጓዘ፤ ብዙው ሳይወድ። በዚያ መንገድ ስንት ቤተሰብ እንደተበተነ ጌታ ይወቀው። ሐረርጌም አልቀረላትም። የእኛ ቆላ ያኔም ደርቋል።

በብዙ ቤት እስከ ዛሬ የዚያ ዘመን ዕቃ አለ፤ ሳናስተውለው ነው የምንኖረው። የእርዳታ ዘይት የመጣበት ቆርቆሮ ተዘርግቶ በር ሆኗል፤ ጤና አዳም ተተክሎበታል። ሁለት እጅ ሲጨባበጥ የሚያሳየው ሥዕል ዝጎ ይታያል። ጠዋት ለሕፃን የምናገነፋው ፋፋ ራሱ ያኔ በየመጠለያው የልጅ ነፍስ ያቆየ ምግብ ነው። ልጅዎ “እማዬ፣ እነዚህ እጆች የማን ናቸው?” ካለ ዮርዳኖስ ዳር ቆሟል ማለት ነው። አትለፉት።

ኃጢአታቸው ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ልጅ ሲጠይቅ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥያቄ ይኸው ነው፦ “እግዚአብሔር ለምን አላበላቸውም?” እዚህ ላይ ብዙ አማኞች ቶሎ ብለን መልስ እንሰጣለን። ከመድረክም ሲነገር ሰምቻለሁ፦ ረሃቡ የመጣው በጣዖት ምክንያት ነው፣ በአውሊያና በቃልቻ ምክንያት ነው፣ የእግዚአብሔር ቅጣት ነው። በዚህ አልስማማም። የማልስማማው ደግሞ ልቤ ስለራራ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ስለማይፈቅድልኝ ነው።

በሉቃስ 13 ሰዎች ወደ ጌታ መጥተው ጲላጦስ ስለገደላቸው የገሊላ ሰዎች አወሩለት። ብሔራዊ ሐዘን ነው፣ የዜና ወሬ ነው። ጌታ ያሰቡትን አወቀና ሌላ አደጋ ጨመረላቸው፦ በሰሊሆም ግንብ ተንዶ የገደላቸው 18 ሰዎች። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ኃጢአተኞች ስለነበሩ ይመስላችኋልን ብሎ ጠየቀ፤ ራሱም አይደለም ብሎ መለሰ። ከዚያ ጣቱን ወደ ማን አዞረ? በሕይወት ወዳሉት። ንስሐ የተጠየቀው የተረፈው ሰው ነው። ሬሳ ንስሐ አይገባም፣ ወገኖቼ።

“ዘዳግም 28 ላይስ ረሃብ እርግማን ነው አይልም?” ይላል መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው። ይላል። ለቃል ኪዳኑ ሕዝብ፣ አስቀድሞ ተነግሮት፣ ነቢይ ተልኮለት የመጣ ነው። ነገር ግን አብርሃም እግዚአብሔርን ታዝዞ ከነዓን በገባ ማግስት ያገኘው ረሃብ ነው፤ ምን አጠፋ? ይስሐቅም ረሃብ ገጥሞታል። ኤልያስ ድርቁን ያወጀ ነቢይ ሆኖ ሳለ እሱ የሚጠጣበት ወንዝ ነው የደረቀው። ጻድቁም ከኃጢአተኛው ጋር ተጠምቷል። በኮረም ሜዳ የሞተችው እናት አንገቷ ላይ ማተብ ነበረ። በእኛ ቆላ የሞቱት አባት ሲጸልዩ፣ ሲሰግዱ ነው የሞቱት። አጠገባቸው የነበረው የሦስት ዓመት ሕፃን ደግሞ ምን ጣዖት አመለከ? ማንም ነቢይ ተልኮ ሳይመጣ እኛ ጠግበን በሰው መቃብር ላይ ቆመን ፍርድ ማንበብ አንችልም። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባል የለ? የጠገበ ሰባኪም እንዲሁ ነው።

በልጅ ጆሮ ደግሞ ይህ ትምህርት ምን እንደሚያደርግ አስቡት። “እግዚአብሔር ኃጢአተኞችን በረሃብ ገደላቸው” ያልነው ልጅ ማታ ይተኛል። ዛሬ እህቱን መትቷል፤ ስኳር ሰርቋል። ምሽቱን ምን እያሰበ የሚያድር ይመስላችኋል? በማግስቱ ደግሞ የክፍል ጓደኛው ምሳ ዕቃ ሳይዝ ሲመጣ በምን ዓይን ያየዋል? ድሃ ሁሉ የተቀጣ ሰው ይመስለዋል። ይህን ዘር በልጃችን ልብ አንዝራ።

እና ምን እንበል? እውነቱን እንበል። ዝናብ ቀረ። ሰዎች ይዋጉ ነበር። ሹሞች እያወቁ ዘገዩ። ርቀው ያሉትም ዘገዩ። ጌታ ኢየሱስ ግን የተራቡትን ባየ ጊዜ አንጀቱ ተላወሰ፣ ደቀ መዛሙርቱንም እናንተ አብሏቸው አለ፤ የተረፈውንም ፍርፋሪ እንኳ እንዳይጠፋ አሰበሰበ። ፍርፋሪ እንዳይጠፋ የሚሳሳ ጌታ ለሕፃን ነፍስ አይሳሳም? ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ መንገር ይቻላል፤ እኔ ነግሬ አይቻለሁ። “ታዲያ ደቀ መዛሙርቱ የት ሄደው ነበር?” አለችኝ። ልጅ እንዲህ ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ፈተና ይከብዳል።

ደቀ መዛሙርቱ የት ነበሩ?

የሐዋርያት ሥራ 11 መልሱ ነው። አጋቦስ የሚባል ነቢይ ከኢየሩሳሌም ወደ አንጾኪያ ወርዶ ታላቅ ረሃብ እንደሚሆን በመንፈስ ተናገረ። በቀላውዴዎስ ዘመንም ሆነ። እስቲ የአንጾኪያን ቤተ ክርስቲያን ተመልከቱ። ይሁዳ የተራበችው በማን ኃጢአት ነው የሚል ስብሰባ አልጠሩም። እነርሱ አብዛኞቹ ከአሕዛብ የመጡ ናቸው፤ የሚራቡት አይሁድ ናቸው። “የእኛ ብሔር አይደሉም” አላሉም። እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጣ፣ በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩት። ትንቢቱን ሰምተው እልል ብለው ብቻ አልተበተኑም። ትንቢቱ እህል ሆኖ ወጣ።

ይህን የምለው በአካባቢያችን የታየ ስለሆነ ነው። በ1995 ዝናብ ቀርቶ በአገሪቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈለገ፤ ምዕራብ ሐረርጌ ከከፋባቸው አንዷ ነበረች። በ2007 በልጉም ክረምቱም ከድቶን በ2008 ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገን እጁን ዘረጋ፤ የሚኤሶ ቆላ ከብት መንገድ ዳር ሲወድቅ ያየ ሁሉ አይረሳውም። እንደ ሰባ ሰባት ያለ እልቂት ግን አልሆነም። ለምን? ሰማዩ ስለራራ አይደለም። ማስጠንቀቂያው ተሰማ፣ እህሉ በጊዜ ተጓጓዘ፣ ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት የሚባለው ነበረ፣ መንገዱም ክፍት ነበረ። ዮሴፍ በግብፅ በጥጋቡ ዓመታት ጎተራ ያሠራው ለዚህ ነው። ሰው ሲተጋ ረሃብ ሕዝብ ወደ መጨረስ አይደርስም። እኛም በጨርጨር ተራራ ሥር ስንቱን የማሽላ ማሳ ጫት አድርገነዋል፤ ስለዚያ ሌላ ቀን እናወራለን።

በዚያን ጊዜ ሙስሊም ጎረቤት ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ውሃ በጀሪካን ሲያካፍል ነበር። በኦሮምኛም በሉት በአማርኛ፣ ቤላም በሉት ረሃብ፣ ሆድ ውስጥ ሲገባ አንድ ነው።

ለልጆች እንዴት እንንገር?

አንዳንድ ነገር ልበል፤ እንደ ወላጅም እንደ አገልጋይም። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ታሪኩ አያስፈልገውም። ለእሱ የሚያስፈልገው እራቱን በሰላም መብላት ነው። ይማር ብላችሁ አታስርቡት፤ ለሕፃን የረሃብ ትምህርት በረሃብ አይሰጥም። ያስተረፈውን አንሡለት፣ ነገ ጠዋት ይበላዋል፣ አለቀ። ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ ያለው ግን ይጠይቃል። ሲጠይቅ በጠየቀው ልክ መልሱለት። ጥያቄው አንድ ማንኪያ ከሆነ በጭልፋ አትጨምሩበት።

ፎቶዎቹን አታሳዩአቸው። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ስልክ ውስጥ ሞልተዋል፤ ራቁታቸውን ያሉ፣ ዝንብ የወረራቸው ሕፃናት። እነዚያ ልጆች በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠሩ ናቸው፤ እናታቸው ብትኖር እንዲህ ሆነው እንዲታዩ አትፈቅድም ነበር። ልጆቻችንም በሌሊት ይባንናሉ። ደግሞም በውጭ አገር የሚያድጉ ስንት የኢትዮጵያ ልጆች በትምህርት ቤት በእነዚያ ምስሎች ሲሰደቡ አድገዋል። ሰውን በውርደቱ ሰዓት ብቻ ማስታወስ ማስታወስ አይደለም።

ይልቅ ሰው ሰው የሚሸት ታሪክ ንገሯቸው። ለምሳሌ የብርሃን ወልዱን ታሪክ። በትግራይ፣ በዚያ ዘመን ገና ሕፃን ነበረች። ጋዜጠኞች ሲቀርጿት ልትሞት ደቂቃ ቀርቷታል ተብሎ ነበር፤ መቃብሯ ተቆፍሮ ነበር። አልሞተችም። አድጋ ተማረች፤ በ1997 ለንደን በተደረገ ትልቅ መድረክ ላይ ቆማ ዓለም ሁሉ አያት። ልጃችን ይህን ስትሰማ “አባቷ ተሸከማት?” ብላ ጠየቀች። አዎ፣ አባት ነበራት፣ ይወዳት ነበር። ልጆች የሚይዙት ይህን ነው። ነገር ግን ሁሉም ተረፉ አትበሉ። እናቷ አልተረፈችም።

“እኛም እንራባለን?” ካለስ? ብዙ ወላጅ “በፍጹም!” ይላል። ማናችን ነን ለነገ ቃል የምንገባ? ይልቅ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ “ያገኘነውን አብረን እንበላለን። ካጣን አብረን እንጠይቃለን፤ ጎረቤት አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ጌታም አይተወንም።” ከዚያ አባታችን ሆይን አብራችሁ ጸልዩ። ጌታ ሲያስተምረን “እንጀራዬን” በሉ አላለንም፤ “እንጀራችንን” ነው ያለን። ለልጆች ይህን ፊደል በፊደል አሳዩአቸው። ልጅ ሲጸልይ ያ የጎረቤቱ ልጅ እንጀራ በቃሉ ውስጥ ገብቷል።

አሁን ስለ እማማ። በአልጋቸው ሥር ክዳን ያለው አንድ ጣሳ ማሽላ ያስቀምጣሉ። በየዓመቱ አዲሱ ማሽላ ሲገባ የቆየውን ያስፈጩና በአዲስ ይሞሉታል። የልጅ ልጆቻቸው ይስቁባቸው ነበር፤ “እማማ ባንክ ከፈቱ” እያሉ። ልጃችን ያንን ጥያቄ ከጠየቀችኝ በኋላ ሄጄ፣ “እማማ፣ ልጆቹ መጠየቅ ጀምረዋል፣ ቢነግሯቸውስ?” አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። “ለሕፃን ይነገራል ወይ ልጄ?” አሉኝ። አላስገደድኳቸውም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ምሽት ቡና አፍልተው የልጅ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ፤ እኛንም ጠሩን። ጣሳውን ከአልጋ ሥር አወጡና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። በሰባ ሰባት ሁለት ልጆች እንደሞቱባቸው ተናገሩ። ስለ ሬሳ፣ ስለ ሆድ እብጠት ምንም አላነሡም። ትልቁ ልጅ ፍየል ሲጠብቅ ያፏጭ ነበር አሉ። ትንሿ ፀጉር ስትሠራ ታለቅስ ነበር አሉ። “ይህችን ያህል ማሽላ ብትኖረኝ አንድ ሳምንት አቆያቸው ነበር፤ በሳምንቱ ደግሞ እርዳታው ደርሷል” ብለው ጣሳውን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ስማቸውን ጠሩ። አርባ ዓመት በዚያ ቤት ያልተጠራ ስም። የገዛ ልጃቸው፣ ዛሬ የአራት ልጆች አባት የሆነው፣ ታላቅ ወንድምና እህት እንደነበሩት ያን ቀን ነው የሰማው። ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ልጆቹ ግን አልፈሩም። አንደኛዋ “እማማ፣ አሁንስ ፀጉሯን ማን ይሠራታል?” አለች። እማማ በዚያ እንባ መካከል ሳቁ።

አሁን በዚያ ቤት እራት ላይ የሚያኮርፍ ልጅ ጠፋ ልላችሁ አይደለም፤ ልጅ ልጅ ነው፣ ዛሬም ያኮርፋሉ። ጣሳውን ግን የሚሞሉት እነርሱ ሆነዋል። የሚወጣውን የቆየ ማሽላም እማማ አያስፈጩትም፤ ልጆቹ ራሳቸው ተሸክመው ለሚፈልገው ጎረቤት ያደርሱታል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በታኅሣሥ አዲሱ እህል ወደ ቤት ሲገባ አንድ ምሽት ለዩ። ድግስ አትደግሱ፤ ንፍሮ ወይም ቂጣ ይበቃል። አያት ካሉ ይናገሩ፤ ከሌሉ የምታውቁትን ተናገሩ። የሞተ ዘመድ ካለ ስሙን ጥሩ። አንድ ጣሳ ለዩና ልጆቹ ይዘው ይሂዱ፤ በእናንተ እጅ ሳይሆን በእነርሱ እጅ። ወዴት እንደሚሄዱ ታውቃላችሁ። ከ2010 ወዲህ ተፈናቅለው በየከተማችን የተጠለሉ አሉ፤ ቀኑን ሙሉ የቀን ሥራ ሲጠብቅ ውሎ ባዶ እጁን የሚገባ አባት አለ። የእናንተ ልጅ ምሳ ዕቃ ሁልጊዜ ባዶውን የሚመለስ ከሆነ ደግሞ አትቆጡ፤ መጀመሪያ ከማን ጋር እንደሚበላ ጠይቁ። በነገራችን ላይ የእኛዋም እንዲሁ ናት፤ እናቷ አሁን አንድ እንጀራ ትጨምራለች።

ይህን ትራክት እያነበባችሁ ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ እራት የሌላችሁም ትኖራላችሁ። ለእናንተ ይህ የትዝታ ጉዳይ አይደለም። ሰቆቃወ ኤርምያስ 4 ላይ ሕፃናት እንጀራ ለምነው የሚቆርስላቸው ስላጡ ነቢዩ ያለቅሳል፤ እግዚአብሔር ያንን ልቅሶ በቃሉ ውስጥ አስቀምጦታል። እምነት ስለጎደላችሁ አይደለም የተራባችሁት። ለአጥቢያችሁ ሽማግሌዎች ወይም ለዲያቆናት ንገሩ፤ አትፈሩ። በሐዋርያት ሥራ 6 ዲያቆናት የተመረጡት በማዕድ ጉዳይ ነው። ዲያቆናት ሆይ፣ እናንተም እስኪነገራችሁ አትጠብቁ፤ በር አንኳኩ።

እንጸልይ።

አባት ሆይ፣ በሰባ ሰባት በኮረም፣ በመቀሌ፣ በሐረርጌ ቆላ፣ በየመንገዱ የወደቁትን አንተ በስማቸው ታውቃቸዋለህ። ስማቸውን መጥራት ለከበዳቸው እናቶችና አባቶች አንደበት ስጣቸው፤ የሚሰማቸውም ልጅ ስጣቸው። ዛሬ ማታ በጭሮና በዙሪያዋ ባዶ ሆዱን ለሚተኛ ልጅ የሚቆርስለት ሰው ላክ። ያ ሰው እኛ ከሆንን ሳንተኛ ቀስቅሰን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።